«ትናንት እንዲህ አልነበረም»፦ ከተሰበረ ጭን ወደ አንጎል የሚሄደው ስብና የሚያጋልጠው ምስል

አጥንቱ የተሰበረ ዘመድ ሲጠየቅ የቅልጥም መረቅ በፔርሙስ ይዞ መሄድ የቆየ ወግ ነው። ክዳኑ ሲከፈት እንፋሎቱ ይወጣና መረቁ ላይ ክብ ክብ ወርቃማ የስብ ጠብታዎች ሲንሳፈፉ ይታያሉ። «ጠጣ፣ አጥንት ይጠግናል» ይባላል። ጠብታዎቹ የበሬው መቅኔ ናቸው። በታካሚው ጭን አጥንት ውስጥም ያው ዓይነት ቅባታም መቅኔ አለ። አጥንቱ ሲሰበር መቅኔው ይፈርሳል፤ በዙሪያው ያሉ ቀጫጭን ደም መላሽ ሥሮችም አብረው ይቀደዳሉ። በስብራቱ ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ስቡ በተቀደደው ሥር ገብቶ ከደሙ ጋር ይጓዛል። መረቁ ላይ የሚታየው ዓይነት ጠብታ በሰው ደም ውስጥ ሲንሳፈፍ ሐኪሞች «ፋት ኢምቦሊዝም» ይሉታል።

ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። ረጅም አጥንት በተሰበረባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች አብዛኞቹ በደማቸው ውስጥ ስብ ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ምንም ሳይሰማቸው ድነዋል። ጥቂቶቹ ግን ይታመማሉ። አንድ ረጅም አጥንት ብቻ ሲሰበር ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት እንደሚሆኑ በተለምዶ ይጠቀሳል፤ ሁለቱም ጭኖች ሲሰበሩ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ሕመሙ የሚመጣው አደጋው እንደደረሰ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፤ አእምሮ ይደፈርሳል፤ ደረት፣ አንገትና ብብት ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀይ ነቁጥ ይወጣል። ከታመሙት መካከል የሚሞቱት ከመቶ ከ5 እስከ 15 እንደሚደርሱ ይገመታል።

ይህ ሕመም ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀው በአስከሬን ምርመራ ወይም በሐኪም ግምት ነበር። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ግን ኤምአርአይ ስቡ አንጎል ላይ የሠራውን ጉዳት ታካሚው በሕይወት ሳለ ማሳየት ጀምሯል። የእኔ ሙግት ይኸው ነው፦ ምስሉ ሕክምናውን አልለወጠም፤ ምርመራውን ግን ከግምት ወደ ማስረጃ አሻግሮታል። ታካሚው ወደዚያ ምስል በጊዜው እንዲደርስ የሚያደርገው ደግሞ ትናንት እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው ቀን

አንድ ታካሚ እናስብ። የሃያ አራት ዓመት የባጃጅ ሹፌር ነው። ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ቀኝ ጭኑ ተሰብሯል። ጭንቅላቱን አልተመታም፤ ራሱንም አልሳተም። ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ስልኩን ጠይቆ ለባጃጁ ባለቤት ራሱ ደውሏል። እግሩ በትራክሽን ተስቦ፣ ክብደቱ በአልጋው ጫፍ ተንጠልጥሎ የመጀመሪያውን ሌሊት በሰላም አደረ።

በማግስቱ ማታ እናቱ ምግብ ይዘው ሲመጡ የጉሉኮሱን መስመር ሊነቅል ይታገላል። እናቱን ያያቸዋል፤ ግን ባጃጁን ማን ወሰደው እያለ ይጮኻል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝም ይልና ጣሪያውን ያያል።

«ሲስተር፣ ልጄ ትናንት እንዲህ አልነበረም እኮ።»

«እማማ፣ የማስታገሻው መርፌ ነው። ትንሽ ይተኛ፤ ይለቀዋል።»

የነርሷ መልስ ከቸልተኝነት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በእርግጥም ያቃዣል። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ልጁ በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ከሆነ ድንገት ማቆሙ የሚያመጣው መቃዠት ብዙ ጊዜ የሚከፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ከቆላ የመጣ ከሆነ ትኩሳትና መቃዠት ሲጣመሩ ወባ አንጎል ላይ ወጥቶበት ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ወባም እንደ ፋት ኢምቦሊዝም ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ፕሌትሌት ያወርዳል፣ ደም ማነስም ያመጣል። ማጅራት ገትር አለ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ሳይታይ ያለፈ የጭንቅላት ጉዳት ነው፤ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሰውየውን መጀመሪያ ደህና አስመስሎ ከሰዓታት በኋላ ይጥለዋል።

ፋት ኢምቦሊዝም ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ወረፋ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው።

ነጥብ የሚቆጥረው ወረቀት

በሽታው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ፍሪድሪሽ ሰንከር እ.ኤ.አ. በ1862 በባቡር ፉርጎዎች መካከል ተጨፍልቆ በሞተ ሠራተኛ ሳንባ ውስጥ ስብ ማግኘቱን ጻፈ። ከዚያ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1873፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ኤርንስት ፎን ቤርግማን የጭን አጥንቱ በተሰበረ ታካሚ ላይ በሽታውን ከመሞቱ በፊት ለይቶ በማወቅ የመጀመሪያው ሆነ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ሐኪም የነበረው መሣሪያ ዓይኑና ጥርጣሬው ብቻ ነበር።

በ1974 ገርድና ዊልሰን የተባሉ ሐኪሞች ያንን ጥርጣሬ በመስፈርት አሰሩት። የመተንፈስ ችግር፣ የአንጎል ምልክትና የቆዳ ነቁጥ ዋና ምልክቶች ሆኑ፤ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የፕሌትሌት መውረድ የመሳሰሉት ደግሞ ረዳት። በ1983 ሾንፌልድና ባልደረቦቹ ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ሰጡ፤ ድምሩ 5 ከደረሰ በሽታው አለ ይባላል። የመጀመሪያው የሰው አንጎል ሲቲ ስካን ለንደን ውስጥ የተነሳው በ1971 መሆኑን ስናስብ እነዚህ መስፈርቶች የተጻፉት የአንጎል ምስል ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን እንደነበር እንረዳለን። በሁለቱም ውስጥ የአንጎል ምስል ቦታ የለውም።

አሁን የባጃጁን ሹፌር በሾንፌልድ ሚዛን እንመዝነው። መቃዠት 1 ነጥብ፤ ትኩሳት 1 ነጥብ፤ የልብ ምት ከ120 በላይ 1 ነጥብ፤ ትንፋሽ በደቂቃ ከ30 በላይ 1 ነጥብ። ድምሩ 4 ነው። አንድ ነጥብ ጎደለው፤ ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት በሽታው የለበትም።

ነጥብ የሚያሞሉት ሌሎቹ ሦስት ምልክቶች ናቸው። የኦክስጅን ማነስ 3 ነጥብ አለው፤ እርሱን በመስፈርቱ መሠረት ለመለካት ግን ከደም ወሳጅ ሥር ደም ተቀድቶ የሚመረመርበት ማሽን ያስፈልጋል፤ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ይህ ማሽን ወይ የለም ወይ መመርመሪያው አልቋል። በሳንባ ኤክስሬይ ላይ የሚታይ የተሰራጨ ጥላ 4 ነጥብ አለው፤ እርሱ ደግሞ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ትልቁ ነጥብ፣ 5፣ የተሰጠው ለቆዳ ነቁጥ ነው። ነቁጡ በሁሉም ታካሚ ላይ አይወጣም፤ ቢወጣም ቶሎ ይጠፋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህልን ቀይ ነጥብ በደብዛዛ የዋርድ መብራት መለየት እጅግ ያስቸግራል። የዓይን ቆብን ገልብጦ፣ አፍን ከፍቶ ላንቃን አይቶ ካልተፈለገ በቀር አይገኝም።

እንግዲህ ሚዛኑ ለእኛ ታካሚ ከመነሻው ያጋደለ ነው። በቀላሉ ሊታይ የሚችለው ምልክት፣ የአእምሮ መደፍረስ፣ 1 ነጥብ ብቻ ተሰጥቶታል፤ ለማየት የሚከብደው 5 ተሰጥቶታል። የአንጎል ምስል ዋጋ የሚገባን ይህ ሲገባን ነው።

ሲቲ ስካኑ «ምንም የለም» ሲል

የመጀመሪያው ምስል ሲቲ ስካን ነው፤ መሆንም አለበት። ፈጣን ነው፤ የተጠራቀመ ደም ካለ ወዲያው ያሳያል፤ ያ ደም በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መውጣት ያለበት ስለሆነ ቅድሚያውን ማንም አይነጥቀውም። ስህተቱ የሚጀምረው ሲቲው «ምንም የለም» ብሎ ሲመለስና ሁሉም እፎይ ሲል ነው።

ሲቲ ስካን ኤክስሬይን ተጠቅሞ የሕብረ ሕዋስን ጥግግት ይለካል። ፋት ኢምቦሊዝም የሚዘጋቸው የደም ሥሮች ግን ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ እያንዳንዱ የተጎዳ ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንጎልን ጥግግት ሲቲው እስኪያውቀው ድረስ አይለውጠውም። ስለዚህ በዚህ በሽታ የሲቲ ስካን ንጹሕ መሆን ደንብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይልቁንም ራሱ ንጹሕነቱ ፍንጭ ነው፦ ራሱን የሳተ፣ ጭኑ የተሰበረ፣ ሲቲው ንጹሕ የሆነ ሰው ካለ ጥያቄው አላለቀም።

በጨለማ ላይ የተበተኑ ነጥቦች

ቀጣዩ ኤምአርአይ ነው፤ በተለይም «ዲፊዩዥን» የሚባለው የምስል ዓይነት። ፈረንሳዊው ዴኒ ለ ቢሀን በ1986 በሰው አንጎል ላይ መሥራቱን ያሳየው ይህ ዘዴ የሚከታተለው የውኃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ነው። በጤናማ አንጎል ውስጥ በሕዋሳት መካከል ያለው ውኃ እንደ ገበያ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ስብ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ሲዘጋ ከእርሷ በታች ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅን ያጣሉ፤ ጨውንና ውኃን ወደ ውጭ የሚያስወጡበት ጉልበት ያልቅባቸዋል፤ ውኃው ወደ ውስጥ ገብቶ ሕዋሳቱ ያብጣሉ። ገበያ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እንደታጨቀ ቁጠሩት፤ መንቀሳቀሻ የለውም። ዲፊዩዥን ያንን የታሰረ ውኃ ነጭ አድርጎ ያበራዋል፤ ያውም ጉዳቱ ከደረሰ በሰዓታት ውስጥ፣ ሲቲውና ሌሎቹ የኤምአርአይ ምስሎች ምንም ሳያዩ።

በቤልጅየም አንትወርፕ ይሠሩ የነበሩት ራዲዮሎጂስት ፓውል ፓሪዜልና ባልደረቦቻቸው በ2001 «ስትሮክ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ይህን ምስል በክዋክብት በተሞላ ሰማይ መሰሉት። ስሙም በዚያው ጸና። መብራት በሌለበት የገጠር ሌሊት ቀና ብሎ ያየ ሰው ምስሉን ወዲያው ያውቀዋል፦ ጥቁር መደብ ላይ ተቆጥረው የማያልቁ ነጫጭ ነጥቦች፣ በሁለቱም የአንጎል ክፍሎች፣ በጥልቁ ነጭ ክፍል፣ በመሐል ባለው ግራጫ ክፍል፣ በትንሹ አንጎል ሳይቀር።

የሥርጭቱ ስፋት ራሱ ይናገራል። ተራ ስትሮክ አንድ ትልቅ የደም ሥር ዘግቶ አንድ ሰፈርን ያጨልማል። እዚህ ግን እንደ ካፊያ የወረደ ነገር አለ፤ በአንድ ሰፈር ሳይወሰን በየሰፈሩ ጥቂት ጥቂት ጥሏል። እንዲህ ያለው አወራረድ ከደም ጋር የመጣ፣ ብዙና ጥቃቅን የሆነ ነገር መኖሩን ይመሰክራል።

ስቡ ሳንባን እንዴት ተሻገረ? ከእግር የሚመለስ ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በሳንባ ወንፊት ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ከአራት ጎልማሶች በአንዱ ልብ ውስጥ ከተወለደ በኋላ ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የሳንባው ግፊት ሲጨምር ደሙ በዚያ ቀዳዳ አቋርጦ ስቡን በቀጥታ ወደ አንጎል ይልካል። ቀዳዳ በሌለበትም ስብ እንደ ረጋ ደም ደረቅ ስላልሆነ ቅርጹን እየለወጠ በሳንባ ቀጫጭን ሥሮች ሊሾልክ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሳንባው ምልክት ቀላል ሆኖ የአንጎሉ ከባድ የሚሆንባቸው ታካሚዎች አሉ፤ ነጥብ ቆጣሪው ወረቀት የሚስታቸውም በተለይ እነርሱን ነው።

ጥቁሮቹ ነጥቦችና የድሮው ክርክር

ሁለተኛው ጠቃሚ ምስል «ኤስደብሊዩአይ» ይባላል። የአሜሪካው የፊዚክስ ሊቅ ማርክ ሃኪና ባልደረቦቹ በ2004 በዚህ ስም ያስተዋወቁት ዘዴ ከደም ውስጥ ብረት የሚመጣውን የማግኔት መዛባት ያነባል። ከሥር ያፈተለከች የደም ጠብታ ኢምንት ብትሆንም በምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። በፋት ኢምቦሊዝም እነዚህ ነጥቦች በነጩ የአንጎል ክፍልና ሁለቱን ወገኖች በሚያገናኘው ድልድይ ላይ በብዛት ይረጫሉ። የዲፊዩዥኑ ክዋክብት ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይደበዝዛሉ፤ የኤስደብሊዩአይ ጥቁር ነጥቦች ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያሉ።

ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የቆየ ክርክር ትዝ ይለዋል። በ1924 ጋውስ የተባለ ሐኪም በሽታው መካኒካዊ ነው አለ፦ መቅኔው ይፈርሳል፣ ሥሩ ይቀደዳል፣ ስቡ ይገባል፣ ይዘጋል። በ1927 ሌማንና ሙር ደግሞ ጉዳቱ ኬሚካዊ ነው አሉ። ይህን ሐሳብ ኋላ ያዳበሩት እንደሚሉት ስቡ በደም ውስጥ ሲበተን የሚወጡት አሲዶች የደም ሥርን ግድግዳ ያቃጥላሉ። ሕመሙ ለምን በሁለተኛው ቀን እንደሚመጣ የሚያብራራውም ይኸኛው ነው፤ ኬሚካል ጊዜ ይፈልጋል። ነጮቹ ነጥቦች የመዘጋትን፣ ጥቁሮቹ የመቃጠልና የማፍሰስን አሻራ የሚያሳዩ ይመስላሉ። አንድ ለአንድ ይገጥማሉ ማለት ድፍረት ቢሆንም፣ ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘው እንደነበር ምስሉ ያመለክታል።

ምስሉ የሚያሳስተው መቼ ነው?

ክዋክብቱ ብቻቸውን ፍርድ አይሰጡም። ከተመረዘ የልብ ቫልቭ የሚበተን ቁራጭ፣ በሕክምና ስህተት ሥር ውስጥ የገባ አየር፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ስብርባሪም እንዲሁ ሊበታተን ይችላል። ጥቁር ነጥቦችም በአንጎል ወባ፣ በረጅም የኦክስጅን እጥረትና በጽኑ ሕመም ውስጥ ይታያሉ።

ከሁሉ የሚያደናግረው ግን አደጋው ራሱ ነው። በከባድ ግጭት አንጎል ሲናጥ የነርቭ ክሮች ይበጠሳሉ፤ ያ ጉዳትም በኤስደብሊዩአይ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ልዩነት ይፈልጋል፦ የተበጠሱት ክሮች ጉዳት ረዘም ረዘም ብሎ በተወሰኑ ቦታዎች ይከማቻል፤ የስቡ ክብና ጥቃቅን ሆኖ በእኩል ይበተናል። ቁርጡን የሚነግረው ግን ሰዓቱ ነው። ክሩ የተበጠሰበት ሰው አደጋው ቦታ ላይ ራሱን ይስታል። ስብ የሄደበት ሰው ግን መጀመሪያ ደህና ነበር፤ ስልክ ደውሏል፤ ምግብ በልቷል፤ ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጠፋ። ይህንን ልዩነት ማሽኑ አያውቀውም። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «የአደጋ ታካሚ፣ ራሱን ስቷል» ተብሎ ብቻ ከተላከ ራዲዮሎጂስቱ ግማሹን ማስረጃ ሳያገኝ ይፈርዳል። «የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ንቁ ነበር» የሚል አንድ መስመር ከሌላ ተጨማሪ ምስል ይበልጣል።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በጣም ዘግይቶ፣ ያለ ኤስደብሊዩአይ የተነሳ ኤምአርአይ ክዋክብቱ ጠፍተው ሊያገኘው ይችላል። «ኤምአርአይው ነጻ ነው» የሚለው ውጤት መቼና በምን ዓይነት ምስል እንደተነሳ ካልተጠየቀ ሁለተኛ ስህተት ይሆናል።

መድኃኒት ለሌለው በሽታ ምስል ምን ያደርጋል?

ፋት ኢምቦሊዝምን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። ስቴሮይድ ተሞክሯል፤ የሾንፌልድ የ1983 ጥናት ራሱ የተሠራው ለዚያ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ሁሉም የሚስማማበት ሕክምና አልሆነም። የሚደረገው ኦክስጅን መስጠት፣ ካስፈለገ በመተንፈሻ ማሽን ማገዝ፣ የደም ግፊትን መጠበቅ፣ ከዚያም በትዕግሥት መቆየት ነው። ታዲያ ውጤቱ አንድ ከሆነ ውድ ምስል ለምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምስሉ ሌሎቹን በሮች ይዘጋል። ለወባ አርቴሱኔት፣ ለማጅራት ገትር አንቲባዮቲክ፣ ለአረቄ ማረጋጊያ እየተባለ የሚደራረበው መድኃኒት ይቀንሳል፤ በተለይ ማረጋጊያው የታካሚውን ንቃት ስለሚሸፍን መቆሙ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ የአጥንት ሐኪሙ ውሳኔ በእርሱ ላይ ይንጠለጠላል። የተሰበረ ጭን ቶሎ መጽናቱ ተጨማሪ ስብ እንዳይፈስ ይረዳል፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአጥንት ሕክምና ወደ ፈጥኖ ማጽናት ያዘነበለውም በዚህ ነው። ነገር ግን ብረት ዘንግ በአጥንቱ ሆድ ውስጥ ሲገባ ራሱ መቅኔውን ጨምቆ ወደ ደም ይገፋል። አንጎሉ አስቀድሞ የተመታ ታካሚን ዛሬ ማታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ማስገባት ወይስ በውጭ ማጽኛ አስሮ መቆየት? ምስሉ ለዚህ ጥያቄ መሠረት ይሰጣል።

ሦስተኛውና የሚበልጠው ተስፋ ነው። በአንጎሉ ላይ መቶ ነጥብ የበራበትን ሰው ምስል ያየ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም ያየ ሐኪም፣ «አበቃ» ይላል። የበሽታው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ለሳምንታት ራሳቸውን ስተው ቆይተው ወደ ቤታቸውና ወደ ሥራቸው የተመለሱ ታካሚዎች በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። የተበታተኑት ነጥቦች ጥቃቅን ናቸው፤ ካበጡት ሕዋሳት ብዙዎቹ ያገግማሉ፤ አብዛኞቹ ታካሚዎችም ወጣቶች ናቸው። ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም፤ የሚሞትም፣ የማስታወስ ችግር የሚቀርበትም አለ። ሆኖም በዚህ በሽታ ምስሉ አስፈሪ ስለሆነ ብቻ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ ስህተት ነው። የበሽታውን ስም ማወቅ ትዕግሥት ይሰጣል።

ማሽኑና መንገዱ

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። በኢትዮጵያ ኤምአርአይ በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው በግል የምርመራ ማዕከላት ነው። በክልል ሆስፒታል የተኛን ታካሚ ለአንድ ምስል ማጓጓዝ ማለት ትንፋሹ ያጠረውን፣ ጭኑ በቅጡ ያልጸናውን ሰው ለሰዓታት በአምቡላንስ ማንገጫገጭ ነው፤ እያንዳንዱ መንገጫገጭ ደግሞ ስብራቱን ያንቀሳቅሳል። በከተማው ውስጥም ቢሆን ትራክሽን ላይ ያለ ታካሚ በብረት ክብደቱ ወደ ማግኔቱ ክፍል አይገባም፤ የውጭ ማጽኛው ብረት ዓይነቱ መጣራት አለበት፤ ተራ የመተንፈሻ ማሽን እዚያ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ «ኤምአርአይ ይነሳ» ማለት በወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፤ በተግባር ግማሽ ቀን ነው።

መፍትሔው ግን ከምንገምተው ይቀርባል። ዲፊዩዥን ብቻውን የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ኤስደብሊዩአይም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሐኪሙ ሙሉ የአንጎል ምርመራ ከማዘዝ ይልቅ ጥያቄውን ለይቶ ሁለቱን ምስሎች ቢጠይቅ ታካሚው በማሽኑ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው፣ እየተገፋ አልጋ ድረስ የሚመጣው «ሃይፐርፋይን» ማሽን ተስፋ ቢሰጥም ለዚህ በሽታ ገና ነው፤ የማግኔቱ ኃይል 0.064 ቴስላ ሲሆን የተለመዱት ማሽኖች 1.5 ወይም 3 ናቸው፤ ጥቃቅን ክዋክብትን ለመቁጠር ዓይኑ አይበቃም።

ከምስሉ በፊት ያለው ሥራ ደግሞ ማሽን አይጠይቅም። የተሰበረ ጭን አደጋው ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ መታሰር አለበት። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ የሚታሽና የሚጎተት ጭን መቅኔውን እንደገና ይለቅቃል፤ ለወለምታ ወጌሻ ሊጠቅም ይችላል፣ ለጭን አጥንት ግን አይደለም። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 ያቋቋሙት «ሳይን» የተባለ ድርጅት የሚያቀርበው፣ የኤክስሬይ ማሳያ በሌለበት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንኳ ሊገባ የሚችለው የአጥንት ዘንግ በአገራችንም አገልግሎት ላይ ውሏል፤ ታካሚዎች በትራክሽን ሳምንታት የሚቆዩበትን ዘመን የሚያሳጥር ማንኛውም እርምጃ ለአንጎላቸውም ይበጃል። ኦክስጅን በጣት ላይ በሚሰካ መለኪያ ይታያል። ዓይንን ገልብጦ ማየት መብራት ብቻ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ ግን አስታማሚው ነው። የውጭ አገር ሆስፒታል የታካሚን ንቃት በየሰዓቱ የሚመዘግብ ነርስ አለው። እኛ ጋ አንዲት ነርስ ለሠላሳ አልጋ ስትሯሯጥ ታካሚው ሥር በጋቢ ተጠቅልላ የምታድር እናት፣ እህት ወይም ጓደኛ አለ። ልጁ ትናንት እንዴት እንደሳቀ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ስንት ጉርሻ እንደበላ የሚያውቀው ያ ሰው ነው። ያ እውቀት በየትኛውም ማሽን ውስጥ የለም፤ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ማሽን የሚመራው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ ጭኑ የተሰበረ ሰው አጠገብ ለምትቀመጡ ሁሉ፦ ለሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ስሙን፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ጠይቁት። ትናንት በትክክል የመለሰውን ዛሬ ከሳተ፣ ያለ ምክንያት ከተበሳጨ ወይም ከልክ በላይ ካንቀላፋ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ነርሷን ጥሩ፤ ሐኪሙን ጠይቁ። «ትናንት እንዲህ አልነበረም» በሉ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በካርዱ ላይ ከነሰዓቷ እንድትጻፍም ጠይቁ።